ጉዱ ካሳን እየዘለሉ ማንበብ

የአንድ ሰው የንባብ ፍላጎት ከዕድሜው ጋር ሲለወጥ፣ ለውጡን የምንለካው ባነሣቸውና በተዋቸው መጻሕፍት ነው። ተረትን ለልጅነት፣ የፍቅርና የስለላ ልቦለድን ለጉርምስና፣ «ቁም ነገር ያለውን» ለጉልምስና እየሰጠን እንደ መሰላል እንደረድራቸዋለን። ይህ አካሄድ ዋናውን ለውጥ ያስመልጠናል ባይ ነኝ። የሰው ጣዕም መለወጡ ጎልቶ የሚታየው አንዱኑ መጽሐፍ ከዓመታት በኋላ መልሶ ሲያነብ ነው። ለዚህ ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተሻለ ማሳያ በአማርኛ አላውቅም።

በአሥራ አምስት ዓመቱ መጽሐፉን የሚያነሣ ልጅ የሚፈልገው በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ነው። መምህሩና ተማሪዋ እስኪገናኙ ያለው ሁሉ መንገድ ማርዘሚያ ይመስለዋል። የጉዱ ካሳ ረጅም ንግግር ሲመጣማ ገጹን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ የሰብለን ስም ይፈልጋል። እንዲህ ያለውን ንባብ የሚንቁ መምህራን አሉ፤ እኔ አልንቀውም። የልቦለዱ ሤራ የቆመው በናፍቆት ላይ ስለሆነ፣ ናፍቆቱ ያልያዘው አንባቢ ያን ወፍራም መጽሐፍ አይዘልቀውም።

ቆይቶ ጉዱ ካሳ ከዳር ወደ መሐል ይመጣል። አገሬው እንደ እብድ የሚያየው ይህ ሰው የልማድና የሥርዓት ሞጋች ሆኖ ይነበባል፤ በሰብለ አባት በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ያመፁት ገበሬዎችም ከፍቅሩ ይልቅ ያጓጓሉ። እዚህ ላይ ግን የዕድሜን ሥራ ከዘመን ሥራ መለየት ያስፈልጋል። ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው የወጡት በየካቲት 1957 ዓ.ም. ሲሆን መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። የዚያን ጊዜ ወጣት ጉዱ ካሳን ለመውደድ ጎልማሳ እስኪሆን መጠበቅ አላስፈለገውም፤ ዘመኑ ራሱ አጎልምሶታል።

ሦስተኛው ንባብ ብዙም አልተጻፈበትም። ልጅ ያሳደገ አንባቢ ወደ መጀመሪያዎቹ ምዕራፎች፣ ልጅ ሳለ ወደ ዘለላቸው ገጾች፣ ይመለሳል። እዚያ ያሉት ውድነሽና ቦጋለ ናቸው፤ በስተርጅና ያገኙት አንድ ልጃቸው እንዳይሞትባቸው የሚሳሉት። ስለቱ በዛብህን ለቤተ ክርስቲያን ይሰጠዋል፤ ኋላ ሰብለን ሲወድ ሕሊናውን የሚያስጨንቀውም ይኸው ስለት ነው። ለወጣቱ አንባቢ የፍቅሩ ጠላት ፊታውራሪ መሸሻና የዘር ኩራታቸው ነበሩ። ለወላጁ ግን መከራው የተጀመረው ማንንም ለመጉዳት ካላሰቡ ሁለት ድኆች ቤት፣ ከፍቅር ነው። የሐዲስን ጥበብ ከየትኛውም የጉዱ ካሳ ንግግር ይልቅ እዚህ ላይ አየዋለሁ።

ሁሉም መጽሐፍ እንዲህ አይመችም። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) ለጎረምሳው የሚሰጠው መያዣ ጥቂት ስለሆነ፣ ብዙ ሰው የሚያገኘው ዘግይቶ ነው፤ ካገኘው።

አንድ ነገር ይህን ንድፍ ያናጋዋል፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር»። ለአድማጭ ገጽ መግለጥ የለም። ከሬዲዮው አጠገብ የተቀመጠ ልጅ የሰብለን ወሬ እየጠበቀ ጉዱ ካሳንም፣ የፊታውራሪን ፉከራም፣ የውድነሽን ጭንቀትም በዚያ ድምፅ ሰምቷል። ስለዚህ ለዚህ ልጅ ዳግም ንባብ ያልተነካ ገጽ መክፈት አይሆንለትም፤ ፊታውራሪ መሸሻ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ጆሮው ላይ ቀድሞ የሚደርሰው ወጋየሁ ነው።