የዕለቱ ምስባክ፤ በሐረር ስለሚደረግ የጸሎትና የምንባብ ሥርዓት

በአማርኛ አንድ ልጅ የንባብ ትምህርቱን ፈጸመ ለማለት «ዳዊት ደገመ» ይባላል። ፊደል ቈጥሮ፣ የዮሐንስን መልእክት አንብቦ፣ ወንጌሉን ዘልቆ፣ በግእዝም በውርድም በቁም ንባብም ምላሱ ተፈትቶ መዝሙረ ዳዊትን ያለ ስሕተት ያወጣ ሕፃን ከዚያ ወዲያ ተማሪ ብቻ ሳይሆን ጸላይም ይሆናል። ይሁን እንጂ «ደገመ» የሚለው ግስ ሁለት ፊት ያለው ነው፤ ጸሎት ከበቀለበት ሥር «ድግምት»ም በቅሎበታልና፣ በየጧቱ ትርጓሜውን የማያውቀውን ግእዝ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ የሚደግመውን ሽማግሌ የተመለከተ ዘመናዊ ተማሪ ይህ ከሁለቱ የትኛው ነው ብሎ ቢጠይቅ በድፍረት ሊወቀስ አይገባውም።

ለዚህ ጥያቄ ሐረርን የመረጥሁት፣ ርዝመቱ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል በሆነው የጀጎል ግንብ ዙሪያ፣ ቅዱስ መጽሐፍን ለዕለታት አከፋፍሎ የመጸለይ ልማድ በሦስት ወገን ጎን ለጎን ስለ ኖረ ነው። በፈረስ መጋላ የቆመው የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የተተከለው፣ ንጉሥ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ከተማዋን በያዙ ጊዜ፣ ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ገዥዎች የነበሩት ግብጻውያን መስጊድ ሠርተውበት በነበረው ስፍራ ነው፤ ይህ የሚታወቅ ታሪክ ነውና ሸፍኖ ማለፍ አይገባም። በዚህ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ምእመኑ ዳዊቱን በሰባቱ ዕለታት ከፍሎ፣ የሰኞውን ከመጀመሪያው እስከ 30ኛው መዝሙር፣ የእሑዱን ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ አድርጎ ሲደግም፣ 82 መስጊዶች ባሏት በዚያችው ከተማ ቁርኣን የሚቀራው ጎረቤቱ መጽሐፉን በወር ለመፈጸም በ30 ጁዝ፣ በሳምንት ለመፈጸም በ7 መንዚል ተከፍሎ ያገኘዋል። ከነዚህ ጋር የካቶሊኩ የካፑቺን ሚሲዮን አባቶች፣ በሐረር ብዙ ዘመን የኖሩት ጳጳስ አባ እንድርያስ ዣሮሶም ጭምር፣ ያንኑ መዝሙረ ዳዊት በላቲን ቋንቋ በሰዓታት ከፍለው ይጸልዩ ነበር። ግእዙም፣ የቁርኣኑ ዐረብኛም፣ ላቲኑም በገበያ የሚነገር ቋንቋ አልነበረም። ስለዚህ ያልተረዱትን መድገም የአንድ ወገን ድንቁርና ነው የሚለው ክስ በሐረር ገና ከበሩ ይመለሳል።

ክሱ በበር ቢመለስም ጥያቄው አልተፈታም። የኔ አስተያየት ይህ ነው፤ ተቺዎቹ ማስተዋልን ከንባብ በኋላ አንባቢው ብቻውን ቁጭ ብሎ የሚሠራው ሥራ አድርገው ስለሚያስቡት በአባቶች ሥርዓት ውስጥ ፈልገው ያጡታል፤ በአባቶች ዘንድ ግን ማስተዋሉ አስቀድሞ በምንባቡ አመራረጥና አገጣጠም ውስጥ ተሠርቶ ይገኛል። መጽሐፈ ግጻዌ ለዕለቱ የሚገባውን ወስኖ ይሰጣል፤ በቅዳሴው ዲያቆኑ ከጳውሎስ፣ ንፍቅ ዲያቆኑ ከሰባቱ መልእክታት፣ ንፍቅ ካህኑ ከግብረ ሐዋርያት ያነባሉ፤ ከዚያም ወንጌሉ ከመነበቡ በፊት ከመዝሙረ ዳዊት የተወሰደ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ስንኝ ያለው ምስባክ በዜማ ይሰበካል። ይህች አጭር ቃል ለወንጌሉ መግቢያ ብቻ ሳትሆን ፍቺውም ናት።

የዐቢይ ጾምን እሑዶች እንመልከት። በሦስተኛው እሑድ፣ በምኩራብ፣ ጌታ ሻጮችን ከቤተ መቅደስ ያስወጣበት የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ይነበባል፤ ምስባኩም ስለ ቤተ እግዚአብሔር ቅንዓት ከሚናገረው ከ68ኛው መዝሙር ነው። ወንጌላዊው ደቀ መዛሙርቱ በዚያች ሰዓት ያስታወሱት ይህንኑ የመዝሙር ቃል መሆኑን ይነግረናል። ስለዚህ ምስባኩ ሲሰበክ ጉባኤው ወንጌሉን ከመስማቱ በፊት ደቀ መዛሙርቱ ያሰቡትን ያስባል ማለት ነው፤ ከዚህ የበለጠ ረቂቅ ሐተታ በስንት ገጽ ሊጻፍ እንደሚችል አላውቅም። በአራተኛው እሑድ፣ በመፃጉዕ፣ 38 ዓመት የታመመው ሰው አልጋውን ተሸክሞ ሲሄድ ይነበባል፤ ምስባኩ ከ40ኛው መዝሙር፣ እግዚአብሔር በሽተኛውን በሕመሙ አልጋ ላይ ስለ መርዳቱ ነው። በግእዙ በሁለቱም ስፍራ ያለው ቃል «ዐራት» ነው፤ መዝሙሩ ሕመምተኛውን ያስተኛበት ዐራት በወንጌሉ በሕመምተኛው ትከሻ ላይ ይወጣል።

ፊደል ያልቈጠረች እናት እንኳ «ለመፃጉዕ ክርስትና አለብን»፣ «ከደብረ ዘይት ወዲያ እንገናኝ» ብላ ስትቀጥር የወንጌሉን ምንባብ የዘመን መቍጠሪያዋ አድርጋዋለችና፣ ምንም አልተረዳችም ለማለት የሚደፍር ቢኖር እኔ ከእርሱ ጋር አልተባበርም።

ቢሆንም የአባቶችን ሥርዓት ስናከብር ጉድለቱን መደበቅ የለብንም። የአገጣጠሙ ጥበብ የሚገለጠው ግእዙን ለሚሰማ ብቻ ነው፤ የቀረው ምእመን ዜማውን ይዞ ምሥጢሩን ትቶ ይመለሳል። ይህን ችግር ለማቃለል በአማርኛ ትርጓሜ ብዙ የደከመው ሰው በዚሁ በሐረር ያደገ መሆኑ የሚያስደንቅ ነው። ተፈሪ መኰንን በልጅነታቸው ግእዝና አማርኛ የተማሩት፣ በ1907 ዓ.ም. በሐሮማያ ሐይቅ ሰጥመው ያረፉት አባ ሳሙኤልም ያስተማሯቸው በዚህ አገር ነው፤ በኋላም ንጉሠ ነገሥት ሆነው ያስተረጐሙት መጽሐፍ ቅዱስ በ1954 ዓ.ም. እትሙ በየቤቱ ገባ። ሥራው ታላቅ ነው፤ ሆኖም ቃሉን ወደ ቤት ሲያስገባ ዕለቱን በደጅ አስቀረው። የአማርኛውን መጽሐፍ የያዘ ሰው እንደ ፈቀደ ገልጦ ያነባል እንጂ መዝሙሩን ከወንጌሉ ጋር የሚያጋጥምለት የለውም፤ ልፈልገው ቢልም የግእዙ 40ኛ መዝሙር በአማርኛው ቍጥር 41ኛ ሆኖበት ሌላ መዝሙር አንብቦ ግራ ይጋባል። ትንሽ የምትመስል ይህች የቍጥር ልዩነት ስንቱን ትጉህ አንባቢ ከግጻዌው እንደለየችው የሚገምት አልተገኘም።

አንዳንዶች መድኃኒቱ መድገሙን ትቶ ነፃ ንባብን መያዝ ነው ይላሉ። እኔ ይህን አልቀበልም፤ በቃል ያልተያዘ መዝሙር ወንጌሉ በተነበበ ሰዓት ከልብ ተነሥቶ ሊመጣ አይችልምና፣ ደቀ መዛሙርቱም ቢሆኑ ያስታወሱት ቀድሞ የደገሙትን ነው። የሚያስፈልገው ለሚደግመው ሰው የዕለቱን መገጣጠሚያ ማሳየት ነው። በሐረርና በዙሪያዋ አማርኛና ኦሮምኛ የሚናገር ምእመን አለ፤ ኦኔሲሞስ ነሲብ ኦሮምኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ካሳተሙበት ከ1891 ዓ.ም. ወዲህ በቃሉ በኩል የሚመካኝበት ነገር የለም።

ስለዚህ የሰበካ ጉባኤዎችንና የሰንበት ትምህርት ቤቶችን የምለምነው አንድ ጥቂት ነገር ነው። ቅዳሜ ማታ የነገውን ምስባክ ከነትርጓሜው በአማርኛና በኦሮምኛ በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ፣ የመዝሙሩን ቍጥር በግእዙም በአማርኛውም አቈጣጠር አመልክታችሁ፣ በቅጥሩ በር ላይ ለጥፉልን።