የዳዊት ታሪክ በኩሌ ሲነበብ

በአገራችን የቤተ ክህነት ተማሪ ፊደል ከለየ በኋላ ንባብ የሚያጠናው በመዝሙረ ዳዊት ነው። ከመዝሙሮቹም አንዱ፣ በግእዙ ቍጥር 50ኛው፣ ነቢዩ ናታን ዳዊትን በገሠጸው ጊዜ የተጸለየ የንስሓ ጸሎት መሆኑ በርእሱ ተጽፏል። ስለዚህ የንጉሡን ጥፋት ሕፃኑ ሁሉ በቃሉ ይዞታል ማለት ነው። ሆኖም ከታሪኩ አዘውትሮ የሚወሰደው ትምህርት ሌላ ነው፤ ይኸውም እግዚአብሔር የቀባውን መንካት አይገባም የሚለው ነው። የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም የንጉሠ ነገሥቱን አካል ቅዱስ ሲያደርግ የተቀበሉትን ቅባት በምክንያትነት ጠቅሶ ነበር።

ይህ አነባበብ በእኛ አስተያየት ጐደሎ ነው። ዳዊት ሳኦልን በዋሻ አግኝቶ አልገደለውም። ነገር ግን ከፊቱ ሸሽቶ ይኖር እንደ ነበር፣ ከዋሻውም ወጥቶ በደሉን በግልጽ እንደ ነገረው መዘንጋት አይገባም። አለመግደልና ዝም ማለት አንድ አይደሉም።

ይህን እንድናስብ ያደረገን ኩሌ ነው። ኩሌ በጋምቤላ ክልል፣ በኢታንግ ወረዳ፣ በ2006 ዓ.ም. የተከፈተ የስደተኞች መጠለያ ሲሆን፣ ነዋሪዎቹ በአብዛኛው ከደቡብ ሱዳን የመጡ ኑዌሮች፣ ከእነርሱም የሚበዙት ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ በፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪርና በዶክተር ሪክ ማቻር መካከል የነበረው ጠብ ወደ ጦርነት ተለወጠ፤ በጁባም ብዙ ኑዌሮች ተገደሉ። በሌላ በኩል በ1984 ዓ.ም. በቦር የዲንካ ሕዝብ በዶክተር ሪክ ወገን ጦር ተፈጅቶ ነበር፤ እርሳቸውም በ2003 ዓ.ም. ስለዚሁ ይቅርታ ጠይቀዋል። እንዲህም ሆኖ የነቢዩን የንጉንዴንግ ቦንግን ትንቢት ለእርሳቸው የሚተረጕሙ ኑዌሮች ነበሩ። ታዲያ እንዲህ ካለ ታሪክ የሸሸ ሰው መጽሐፈ ሳሙኤልን ሲገልጥ ስለ ታማኝነት ምን ያነባል?

ሦስት ሰዎችን ያገኛል። የመጀመሪያው ኬጢያዊው ኦርዮ ነው። የባዕድ ወገን ሲሆን ለንጉሡ እጅግ የታመነ ነበር፤ ንጉሡ ግን የሞቱን ትእዛዝ በገዛ እጁ አስይዞ ላከው። ሁለተኛው ኢዮአብ ነው። ደብዳቤውን ተቀብሎ የተባለውን ፈጸመ። የእርሱ ታማኝነት የወንጀል ተባባሪነት ሆነ። ሦስተኛው የጌት ሰው ኢታይ ነው። አቤሴሎም ባመፀ ጊዜ ዳዊት ከኢየሩሳሌም ሲሸሽ፣ ኢታይ ከነሕፃናቱ ተከተለው። ዳዊትም አንተ ስደተኛ ነህ፣ ትናንት መጥተህ ዛሬ ስለ ምን ከእኔ ጋር ትንከራተታለህ፣ ተመለስ አለው። ኢታይ ግን በሞትም በሕይወትም አልለይህም ብሎ ማለ።

እንግዲህ ልዩነቱ ከተከታዮቹ ይልቅ በመሪው ዘንድ ነው። አንዱ ዳዊት ለኦርዮ እውነቱን ደበቀው፤ ለኢታይ ግን አደጋውን ገልጦ የመሄድን ነጻነት ሰጠው። ታማኝነት እንዲጠየቅ የሚገባው በሁለተኛው መንገድ ብቻ ነው። ነቢዩ ናታንም ከዚህ ጋር ይታሰባል። ንጉሡን ፊት ለፊት ገሠጸው እንጂ አልከዳውም፤ በስተ መጨረሻም የሰሎሞንን መንገሥ የደገፈ እርሱ ነው። ታማኝ ማለት ጥፋትን የሚሸፍን ማለት ቢሆን ኖሮ፣ ናታን ከከዳተኞች በተቈጠረ ነበር።

በዚህ ላይ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አገሩን ለቆ የመጣ፣ ሕፃናትን የያዘ ሰው ተመለስ ቢባል ወዴት ይመለሳል? መሐላው የፍቅር ነው ወይስ የቸገረው ሰው ቃል? ይህ ጥያቄ ከባድ መሆኑን እናምናለን፤ መጽሐፉም አይፈታውም። ኢታይ የሠራዊቱ ሲሶ አዛዥ ሆኖ ወደ ጦርነቱ ገባ፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን ስሙ አይነሣም። ዳዊት ወደ ዙፋኑ ተመለሰ፤ የኢታይ ሕፃናት ግን ወዴት እንደ ደረሱ አልተጻፈም።

ሰባኪውም መምህሩም ታሪኩን ሲያነብቡ በንጉሡ መመለስ ላይ ባያቆሙ እንወዳለን። በ2011 ዓ.ም. መስከረም ሁለቱ የደቡብ ሱዳን መሪዎች በአዲስ አበባ የሰላም ስምምነት ፈርመዋል። የኩሌ ሕፃናት ታሪክ ግን በዚያ ፊርማ አላበቃም።