ወራጅ አለ!

በሐዋሳ መንገድ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ! ላንጋኖ ለመዋኘት፣ ሐዋሳ ዓሣ ለመብላት፣ አንድ ጊዜም ሻሸመኔ ለቅሶ ለመድረስ። ዓይኔ ሁልጊዜ ሐይቅ ፍለጋ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ግን ቡልቡላን አለፍ እንዳልን በመስኮቱ ቀይ ፈረስ አየሁና ሳላስበው «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮኽኩ። ረዳቱ «እዚህ? እዚህ ምን አለ?» አለኝ።

ምን የሌለ አለ! ከግራሩ ሥር፣ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ደረቴ ድረስ የሚደርስ መቃብር ቆሟል፤ አራቱም ጎኑ በዘይት ቀለም ተሞልቷል። ፈረሰኛው ጦሩን ወድሯል። ከፊቱ አንበሳ ተነሥቷል፤ ከፈረሱም ይገዝፋል። ይግዘፍ እንጂ! ትንሽ አንበሳ የገደለ ሰው ምኑ ይወራለታል? ዞር ስል ላሞች፣ ዞር ስል ጠመንጃ። ሰማያዊው እንደ ማለዳ ሰማይ፣ ቢጫው እንደ አደይ። አቧራውና ፀሐዩ ጥግ ጥጉን ልጠውታል፤ ለእኔ እንደሆነ ጭራሽ አሳምረውታል።

የአርሲ ኦሮሞ በዚህ ስምጥ ሸለቆ፣ ከባቱ እስከ ሻሸመኔ፣ ሟቹን እንዲህ ነው የሚሸኘው። በአርሲ ምድር ድሮም በድንጋይ የሚቀረጽ መታሰቢያ ነበር፤ ሲሚንቶና ቀለም ሲገኝ ደግሞ ሰውየው በፈረሱ፣ በከብቱና በጀግንነቱ መንገድ ዳር ይቆማል። አንዳንዱ መቃብር ላይ ጨረቃና ኮከብ አለ። በዚያ ባየኋቸው ላይ ግን የሰዓሊውን ስም ፈልጌ አጣሁ።

አዲስ አበባ ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ ሰዓሊ የሚያወጣ የአለ ፈለገ ሰላም ትምህርት ቤት አለን፤ አከብረዋለሁ። የዚህ መቃብር ሰዓሊ እጅ ግን ትምህርት ቤት የገባ አይመስልም፤ የፈረሱ እግር እንደ ጠረጴዛ እግር ነው። ሲጋልብ ግን ይጋልባል! ስንት የአዳራሽ ሥዕል አይቻለሁ፣ ፈረሱ አናቶሚው ተሟልቶ የማይንቀሳቀስ።

የመንገድ ዳር ሥዕል በሌላ አገር እንዴት እንደሚከበር እዩ፦ በ1970 እ.ኤ.አ. የሳን ዲዬጎ ቺካኖዎች፣ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ማለት ነው፣ ድልድይ ሥር ባለው መሬት የፖሊስ ጣቢያ ሊሠራ ሲል ወጥተው ያዙት። በኋላም የሰፈሩ ሰው ብሩሽ ይዞ የድልድዩን ምሰሶዎች በገዛ ታሪኩ ሞላ። ዛሬ ቺካኖ ፓርክን ለማየት ሰው አውሮፕላን ይሳፈራል። እኛ ደግሞ የራሳችንን በሚኒባስ መቶ እየሮጥን እናልፈዋለን!

ወደ ላንጋኖ ስትወርዱ ቡልቡላ ላይ ፍጥነት ቀንሱ። መቃብር ነውና አትርገጡት፤ ፎቶ ከማንሳታችሁም በፊት በአቅራቢያው ያለውን ሰው አስፈቅዱ። ሹፌሩ ካጉረመረመ አትስሙት። ወራጅ አለ በሉ።