ከቋንጃ የሚጀመር ምርጫ

የጉልበት መከላከያ ሊገዛ ወደ ሱቃችን የሚመጣ ሰው፣ ጎልማሳም ይሁን ወጣት፣ ዕቃውን ከመደርደሪያው ባነሣ ጊዜ አስቀድሞ የሚመረምረው ፊቱን ነው፤ ስፖንጁን በአውራ ጣቱ ይጫነዋል፣ በጡጫው ይመታዋል፣ ውፍረቱንም ከሌላው ጋር እያስተያየ የወፈረውን ይመርጣል። እኔ ግን በዴንቨር አቅራቢያ፣ የሮኪ ተራሮች ከሜዳው በሚነሡበት ሥፍራ፣ የተራራ ብስክሌት እየጠገንሁና እየነዳሁ፣ ለነጂዎችም መከላከያቸውን እየለካሁ የኖርሁ በመሆኔ፣ ዕቃውን ገልብጬ አስቀድሜ የማየው ጀርባውን፣ ይኸውም በቋንጃ ላይ የሚያርፈውን ስስ ጨርቅ ነው። ፊቱ የተሠራው ነጂው ስለሚወድቅባት ቅጽበት ነው፤ ጀርባው ግን ከውድቀቱ በፊት ስላሉት ሰዓቶች ሁሉ የተሠራ ነው፤ በእነዚያም ሰዓቶች ነጂውን ያስመረረ መከላከያ ወይ በቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ወይም ወደ ቁርጭምጭሚት ይወርዳል፣ ድንጋዩም ባዶውን ጉልበት ያገኘዋል። ስለዚህ ምቾትን ከጥበቃ ጋር የሚጣላ ቅንጦት አድርገው የሚቈጥሩትን ሰዎች አሳብ ልቀበለው አልችልም፤ ምቾት የጥበቃው አንድ ክፍል፣ እንዲያውም የመጀመሪያው ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ።

ጉልበት ለዚህ አደጋ እጅግ ከተጋለጡት የአካል ክፍሎች አንዱ ነው። ነጂው በኮርቻው ላይ ሲቀመጥም ሆነ በፔዳሉ ላይ ሲቆም ጉልበቱ ታጥፎ ወደ ፊት የወጣ ነውና፣ የፊተኛው ጎማ በድንጋይ ተይዞ ሰውነቱ ከመሪው በላይ ሲወረወር፣ ብዙ ጊዜ ከመዳፉ ቀጥሎ መሬት የሚነካው እርሱ ነው። የጉልበትን ሎሚ የሸፈነው ቆዳ ስስ ነው፤ በሥሩም እንደ ጭንና እንደ ባት ያለ ሥጋ የለውም፤ ጉልበት በታጠፈ ጊዜ ያ ቆዳ ይወጠርና በትንሽ ስለት ይከፈታል፣ ጠጠርና አፈርም ወደ ቁስሉ ይገባል። ጠላቱም መሬት ብቻ አይደለም፤ የብስክሌቱ የላይኛው ብረት የጉልበትን ውስጠኛ ጎን ይመታል፣ የፔዳሉ ሹል ብሎኖችም ቅልጥምን ይቧጥጣሉ፤ ስለዚህ በጎንና በጎን ቀጭን ስፖንጅ የተሰፋበት መከላከያ ሎሚውን ብቻ ከሸፈነው እጅግ ይሻላል።

ከእኛ ወገን ለሆነ ምእመን ደግሞ ጉልበት ሌላ አገልግሎት አለው። በሰሞነ ሕማማት ከሰኞ እስከ ዓርብ ሲሰግድ ይሰነብት የነበረ ሰው፣ ጉልበቱ ቆስሎ ወይም አብጦ፣ ከማኅበሩ ተለይቶ በወንበር ላይ ሲቀመጥ የሚሰማውን ኀዘን አይቻለሁና፣ በዐቢይ ጾም ወራት በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሲከፈት ወደ ተራራው ለመውጣት የሚቸኩሉትን ወገኖቼን በማስታጥቅበት ጊዜ ይህ ከልቤ አይለይም። ሆኖም ይህ ዕቃ ከምትና ከመላጥ የሚያድን እንጂ ጉልበት ሲጠመዘዝ ጅማቱን ከመበጠስ የሚያድን አለመሆኑን ለእያንዳንዱ ገዢ እነግራለሁ፤ ለዚያ ሐኪም የሚያዝዘው፣ በማጠፊያ ብረት የተያያዘ ሌላ መደገፊያ አለ።

ይህ ጨዋታ በተወለደበት ዘመን ስለ ጉልበት ብዙ የሚያስብ አልነበረም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1976 ጀምሮ በካሊፎርኒያ፣ በፌርፋክስ ከተማ አጠገብ፣ ሪፓክ በተባለው ቁልቁለት ላይ የተሽቀዳደሙት እነ ጆ ብሪዝና እነ ጌሪ ፊሸር፣ የኋላው ፍሬን ከመጋሉ የተነሣ ግራሶው ጢሶ እስኪያልቅ ድረስ በአሮጌ ብስክሌት ሲወርዱ፣ የለበሱት ጂንስ ሱሪ፣ ቡትስ ጫማና የሥራ ጓንት ነበር። በኋላ በገደላገደል ላይ በፍጥነት መውረድ ራሱን የቻለ ውድድር በሆነ ጊዜ፣ ነጂዎቹ ከሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪዎች የጠንካራ ፕላስቲክ መከላከያ ወሰዱ፤ እነርሱም ወደ ላይ የሚወጡት በመኪና ወይም በበረዶ ሸርተቴ ሊፍት ስለ ነበረ፣ የዕቃው ክብደትና ሙቀት እምብዛም አላስቸገራቸውም። ኋላ ግን ኤንዱሮ የሚባለው ውድድር፣ ነጂው ዳገቱን በራሱ ኀይል ፔዳል እየመታ የሚወጣበት፣ ሰዓቱ ግን በቁልቁለቱ ብቻ የሚያዝበት ሥርዓት ተስፋፋ፤ በ2013ም የዓለም ተከታታይ ውድድር ተመሠረተለት። ይህ አዲስ ጥያቄ አመጣ፤ ቀኑን ሙሉ እግር ላይ ውሎ የማያስመርር፣ በመውደቂያው ቅጽበት ግን የማይከዳ መከላከያ ከየት ይገኛል?

መልሱን ያቀለለው የኬሚስትሪ ጥበብ ነው። በእንግሊዝ አገር በ1999 በሪቻርድ ፓልመር የተመሠረተው ዲስሪኦ የተባለው ኩባንያና እርሱን የመሰሉ ሌሎች የሚሠሩት ስፖንጅ፣ ጠባዩ እንደ ምቱ ፍጥነት የሚለዋወጥ ነው፤ ውኃ ዝግ ብሎ ለገባበት እጅ መንገድ እንደሚለቅ፣ በኀይል ለመታው ግን እንደሚጠነክርበት፣ ይህም ስፖንጅ ጉልበት በዝግታ ሲታጠፍ አብሮ ይታጠፋል፣ ድንጋይ በድንገት ሲመታው ግን በአንድ አፍታ ጠጥሮ ኀይሉን በሰፊው ይበትነዋል። ነገር ግን ይህ ባሕርይ ከአየሩ ጋር ይለዋወጣል፤ ሲበርድ ይደርቃል፣ ሲሞቅ ይለሰልሳል። በኮሎራዶ በመከር ወራት መከላከያውን በመኪና ውስጥ አሳድሮ በማለዳ የሚያጠልቅ ሰው በመጀመሪያው ዳገት ላይ ስለ ድርቀቱ ዕቃውን ይወቅሳል፤ ማታ ወደ ቤት ቢያስገባው ኖሮ ግን ወቀሳ አይኖርም ነበር።

የመለኪያውን ነገር በተመለከተ፣ በአውሮፓ ለሞተር ብስክሌት ነጂዎች የወጣውና ኢኤን 1621-1 የተባለው ደንብ ዛሬ የእኛም ሚዛን ሆኗል። በዚህ ፈተና 5 ኪሎ ግራም የሚመዝን ብረት በ50 ጁል ኀይል እንዲመታው ሆኖ፣ ከ1 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመከላከያው ላይ ይለቀቃል፤ ከሥሩ ያለው መሣሪያም አልፎ የመጣውን ኀይል ይለካል። በአማካይ ከ35 ኪሎኒውተን ያልበለጠ ያሳለፈው አንደኛ ደረጃ፣ ከ20 ኪሎኒውተን ያልበለጠ ያሳለፈው ሁለተኛ ደረጃ ይባላል፤ በዚህ ሥርዓት ሁለተኛው ከአንደኛው ይበልጣልና ገዢው እንዳይሳሳት ያስፈልጋል። 20 ኪሎኒውተን ማለት ሁለት ሺህ ኪሎ ግራም ያህል ክብደት የሚጫነውን ጫና ማለት ስለ ሆነ፣ ከሁሉ የሚሻለውም መከላከያ የሚያሳልፈው ኀይል ቀላል አይደለም። ከዚህም በላይ ቁጥሩ የተገኘው በብረት መደገፊያ ላይ ጸንቶ በተቀመጠ ዕቃ ነው እንጂ በሚታጠፍና በሚያልበው እግር ላይ በተጠለቀ አይደለም፤ ስለዚህ ከቦታው ከሚንሸራተት ሁለተኛ ደረጃ ይልቅ ከሎሚው የማይነቃነቅ አንደኛ ደረጃ እመርጣለሁ፣ ሌላውንም እንዲሁ እመክራለሁ። የዚህ ደንብ ምልክት የሌለበትን ግን፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለማንም አላጠልቅም።

አሁን ወደ ቋንጃ ልመለስ። አንድ ነጂ በደቂቃ 70 ጊዜ ፔዳሉን ቢያዞር፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ እያንዳንዱ ጉልበቱ 4,200 ጊዜ ይታጠፋል፤ በታጠፈም ቁጥር ከጉልበቱ በስተኋላ ያለው ጨርቅ ይጨማደዳል፣ ጨማዳውም ላብ ከነካው ለስላሳ ቆዳ ጋር ይፋተጋል። ስለዚህ ጀርባውን ስመረምር የማየው ይህን ነው፤ ጨርቁ አየር የሚያስገባ ወንፊታም መሆኑን፣ ስፌቱ በቋንጃው መካከል አለማለፉን፣ ቢያልፍም ጠፍጣፋ ሆኖ መሰፋቱን፣ ዕቃውም ገና ሳይጠለቅ በራሱ ታጥፎ የተሠራ መሆኑን፤ ቀጥ ተደርጎ የተሰፋ መከላከያ ነጂው ፔዳል በመታ ቁጥር ወደ ቀጥታው ሊመለስ እየታገለ ጉልበቱን ያደክመዋልና። ቀጥሎ የላይኛውን ከንፈር አያለሁ፤ በውስጡ የተቀባው የሲሊኮን መያዣ ሰፊና የተከፋፈለ ሲሆን ጭንን ሳያንቅ ይይዛል፣ ቀጭንና ጠባብ ሲሆን ግን በአንድ መስመር ላይ ይቆርጣል።

ከዚህ በኋላ ገዢውን በማይንቀሳቀስ ማቆሚያ ላይ በተተከለ ብስክሌት አስቀምጬ፣ እስኪያልበው ድረስ አሥር ደቂቃ ያህል ፔዳል እንዲመታ አደርገዋለሁ፤ ሲወርድ መከላከያውን አውልቆ ቆዳውን አብረን እናነባለን። በጭኑ ዙሪያ ያልተቋረጠ ቀይ መስመር ከታየ ጠቦታል፤ በቋንጃው ላይ የማጭድ ቅርጽ ያለው ቅላት ከታየ ስፌቱ አልተስማማውም፤ የስፖንጁ አሻራ ከሎሚው በታች ወርዶ ከተገኘ ደግሞ ሰፍቶታል። ይህ ሁሉ ከዋጋው ወረቀት የበለጠ እውነት ይናገራል።

አንድ ጊዜ በኦሮራ ተወልዶ ያደገ የወገን ልጅ ከእናቱ ጋር መጣ፤ እናትየውም መደርደሪያውን ሁሉ ካዩ በኋላ፣ «ወንድሜ፣ ዋጋው አያሳስብህ፤ ከሁሉ የወፈረውን ስጠው፤ ልጄን አደራ» አሉኝ። እንዳሉት ወፍራሙን፣ ባለ ፕላስቲኩን አስጠለቅሁትና ብስክሌቱ ላይ አስቀመጥሁት። ደቂቃዎቹ ሳያልቁ ልጁ ማንንም ሳይጠይቅ አስቀድሞ የታችኛውን፣ ቀጥሎ የላይኛውን ቬልክሮ አላላ፤ መከላከያውም ዞሮ ፕላስቲኩ ወደ ጎን ተመለከተ። «ጋሼ፣ ቋንጃዬን እየቆረጠኝ ነው» አለኝ። እኔም ወደ እናቱ ዞሬ፣ «እትዬ፣ እርስዎ ፊቱ ቆመው እያዩት እንዲህ ካላላው፣ ሁለታችንም በሌለንበት ተራራ ላይ ምን የሚያደርገው ይመስልዎታል?» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ልጃቸውን ካዩት በኋላ፣ «እንግዲያው አንተ የምታውቀውን አድርግ» አሉ። እንደ ካልሲ የሚጠለቀውንና በምልክቱ የተመሰከረለትን ስስ መከላከያ ሰጠሁት፤ እስኪወርድ ድረስ እጁን ወደ ጉልበቱ አልሰደደም። ወፍራሙ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ ያው ልጅ በበጋ ወደ ዊንተር ፓርክ ሄዶ ብስክሌቱን በሊፍት እያሳፈረ ቀኑን በዝላይ የሚያሳልፍ ቢሆን፣ እኔው ራሴ ባለ ፕላስቲኩን በሰጠሁት ነበር።

መሬቱም በምርጫው ላይ ድምፅ አለው። ከዴንቨር በስተ ደቡብ ምዕራብ በባፈሎ ክሪክ ያለው መንገድ ከተፈረፈረ ግራናይት የተሠራ ስለ ሆነ፣ ጠጠሩ በጎማ ሥር እየተንከባለለ ነጂውን በጎኑ ያንሸራትተዋል፤ እዚያ ቆዳን የሚያሳጣው መላጥ ነውና፣ ፊቱ በኬቭላር ወይም እርሱን በመሰለ ጠንካራ ክር የተሸፈነ መከላከያ ያስፈልጋል፤ ስስ ጨርቅ በአንድ ውድቀት ተቀዶ ስፖንጁ ይገለጣል። በጎልደን ከተማ አጠገብ በዋይት ራንች ግን ቁልቁለቱን ለማግኘት ረጅምና ፀሐይ የሚበዛበትን ዳገት መውጣት ግድ ስለ ሆነ፣ እኔ ጫማ ሳያስወልቅ በዚፕ ወይም በቬልክሮ የሚከፈተውን ዓይነት እወድዳለሁ፤ ዳገቱን በቦርሳዬ ይዤው ወጥቼ ከጫፉ ላይ አጠልቀዋለሁ። ይህን የሚያደርግ ሰው ከጫፉ ላይ ቆሞ ማጥለቁን የማይዘነጋ መሆን አለበት፤ ጠባዩን የሚጠራጠር ግን ስሱን ከቤቱ ጀምሮ ለብሶት ቢወጣ ይሻለዋል።

ስለ አያያዙ ብዙ አልናገርም። ስፖንጁ የሚወጣ ከሆነ አውጥቶ፣ ጨርቁን በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና በእጅ ማጠብ፣ በጥላም ማድረቅ ነው፤ ማድረቂያ ማሽን ላስቲኩንም ሲሊኮኑንም ያበላሻል። በጭን ላይ ሎሽን ወይም የፀሐይ ቅባት ቀብቶ መከላከያ ማጥለቅ አይገባም፤ ቅባት የነካው ሲሊኮን አይዝምና።

ከአዲስ አበባ፣ በእንጦጦ ላይ ብስክሌት የሚነዱ ወጣቶች በዘመዶቻቸው በኩል መከላከያ እንድልክላቸው በጠየቁኝ ጊዜ በስልክ የምነግራቸው ይህን ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ይያዝ፤ ተለኪው በሁለት እግሩ እኩል ቆሞ፣ የጉልበቱ ሎሚ መካከል በእስክርቢቶ ምልክት ይደረግበት፤ ከዚያ ነጥብ 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ተለክቶ የጭኑ ዙሪያ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ተለክቶ የባቱ ዙሪያ፣ በሱሪ ላይ ሳይሆን በባዶ ቆዳ ላይ ይወሰድ። ሁለቱም እግሮች ይለኩ፣ እኩል የማይሆኑበት ጊዜ አለና። ልኩ በሁለት ቁጥሮች መካከል ቢውል፣ ላስቲኩ ሲለበስ እየሰፋ ስለሚሄድ፣ ባቱን የማያንቅ እስከ ሆነ ድረስ ትንሹ ይመረጥ። ከቁጥሩም አጠገብ ከሎሚው ስንት ሳንቲ ሜትር ርቆ እንደ ተለካ ይጻፍ፤ አንዳንዱ ፋብሪካ በ10 ሳንቲ ሜትር ላይ ለክቶ ሰንጠረዡን ስለሚያወጣ፣ ርቀቱ ያልተጻፈለት ልክ በደረሰኝ ቁጥር መልሼ ደውዬ እንደገና አስለካለሁ።