አውድማውን ወደ ውሉ ማምጣት

መራዊ አጠገብ፣ ከቆጋ ግድብ ግርጌ 7,000 ሄክታር ገደማ የመስኖ መሬት አለ። በአፍሪካ ልማት ባንክ ድጋፍ የተሠራ ነው። እዚህ ሽንኩርት የተከለ ገበሬ በጥቂት ወራት ውስጥ ገንዘብ ይቆጥራል፤ ዋጋው ቢወድቅበት በሚቀጥለው ወቅት ሌላ ይሞክራል። በቅርብ ዓመታት ወደ ቆጋ የገባው ሃስ አቮካዶ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። የተዳቀለው ችግኝ ለገበያ የሚሆን ፍሬ እስኪሰጥ 3 ዓመት ገደማ ያስጠብቃል።

ላኪ ድርጅትና የገበሬዎች ማኅበር ሲዋዋሉ ውል አርቃቂው የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። የኪሎ ዋጋ፣ የርክክብ ቀን፣ የችግኝ ብዛት መጻፍ አይከብድም። በሁለተኛው ዓመት «ምነው ባሕር ዛፍ በተከልሁ» ብሎ የሚቆጨውን ገበሬ ግን በየትኛው አንቀጽ ያስገባዋል?

አሜሪካዊው የሕግ ምሁር ስቱዋርት ማኮሌይ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ጥናት፣ የዊስኮንሲን ነጋዴዎች ሲጋጩ ውል ጠቅሰው ከመካሰስ ይልቅ ተነጋግረው መጨረስን እንደሚመርጡ አሳይቷል። ይህ ለጎጃም ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም። የእኩል እርሻ ሲስማማ የኖረው በዋስና በሽማግሌ ነው።

ልዩነቱ አውድማው ላይ ነው። የእኩል አራሹና ባለመሬቱ አንድ ክምር ፊት ቆመው እህሉን አብረው ይሰፍራሉ። የአቮካዶው ገበያ ግን ባሕር ማዶ ነው፤ ገበሬው አያየውም።

መመዘኛውም እንደዚያው ከዓይኑ የራቀ ነው። ሃስ ዛፍ ላይ እያለ አይበስልም፤ ለመቆረጥ መድረሱ የሚታወቀው ናሙናው ደርቆ ሲመዘን ነው። ወደ አውሮፓ የሚሄደው ቢያንስ 21 በመቶ ደረቅ ይዘት ሊኖረው ይገባል። ምርመራው በዝግ ቤት ከተካሄደ «አልደረሰም» የሚለው መልስ ለገበሬው «ዋጋ ሊሰብሩብኝ ነው» ሆኖ ይሰማል። ደላላው ደግሞ ደረቅ ይዘት አይጠይቅም፤ ብሩን ይዞ ማሳው ዳር ይቆማል።

ሕጉ ይህን የመተማመን ጉዳይ አልዘነጋም። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1731 ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ ነው ይላል፤ በ1732 ደግሞ በቅን ልቦና፣ በመካከላቸው ሊኖር የሚገባው መተማመን ታይቶ እንዲተረጎም ያዝዛል። በ2015 የወጣው የግብርና ምርት ውል አዋጅ ቁጥር 1289 ደግሞ እንዲህ ላለው ስምምነት ራሱን የቻለ ሕግ ሰጥቶታል።

አዋጁ ግን የቆጋን ማሳ አንድ በአንድ አያውቅም፤ ያ የአርቃቂው ሥራ ነው። እናም መራዊ ላይ ወረቀት ዘርግተው የሚቀመጡ ሁሉ ሦስት ነገሮችን ሳይጽፉ ባይፈራረሙ መልካም ነው፦ ናሙናው በማን ፊት እንደሚቆረጥና እንደሚመዘን፣ የኪሎው ዋጋ ከየትኛው ገበያ ተነሥቶ ምን ምን ተቀንሶለት እንደሚሰላ፣ ዛፉ ባላፈራባቸው 3 ዓመታት ሸክሙን ማን ከማን ጋር እንደሚካፈል።