ልኩን የሚያውቅ እጅ

የሥጋ ደዌ ነርቭን ሲጎዳ ሁልጊዜ አያምም። ትንሿ ጣት ኃይሏን፣ መዳፍም ስሜቱን ቀስ በቀስ ሲያጡ ሰውየው ላያውቀው ይችላል። ይህን ቀድሞ ለማግኘት የሠለጠነ እጅና አንድ እስክሪብቶ ይበቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1965 አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል፣ አለርት፣ ለአፍሪካ አገሮች ባለሙያዎች ያስተማረው አንዱ ጥበብ ይህ ነው።

ሥራው ከክርን ይጀምራል። ፊዚዮቴራፒስቷ የታካሚውን ክንድ አጠፍ አድርጋ ትደግፍና ከክርኑ ውስጠኛ አጥንት ጀርባ ጣቶቿን ታሳርፋለች። የአልናር ነርቭ የሚያልፈው በዚያች ጎድጓዳ ነው። ጥጥ ፈታይ የክሯን ውፍረት በጣቷ እንደምትለይ፣ እሷም ነርቩን ከቆዳው ሥር እያንከባለለች መወፈር አለመወፈሩን ትለያለች፤ ከሌላኛው ክንድ ጋርም ታነጻጽራለች። እኔን የሚማርከኝ ግን የዓይኗ ነገር ነው። ጣቷ ክርኑ ላይ ሆኖ የምታየው ፊቱን ነው፤ አፉ «ደህና ነኝ» ቢልም ቅንድቡ ከተኮሳተረ ነርቩ አሞታል። በሐምሌ ጠዋት እጇን አሙቃ ካልሆነ የማትነካ ባለሙያ አይቻለሁ። ቀዝቃዛ እጅ ታካሚውን ያስደነግጠዋል፤ የደነገጠ ፊት ደግሞ አይነበብም።

«አባባ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑልኝ። የነካሁበትን ቦታ በጣትዎ ያሳዩኝ።» የእስክሪብቶው ጫፍ መዳፉ ላይ ያርፋል፤ ቆዳው ጥቂት ሰርጎድ ሲል ወዲያው ይነሳል። ጠንከር ቢል ግፊቱ ከሥር ይሰማና ጉዳቱ ይደበቃል። «ተሰማዎት?» ብላ አትጠይቅም፤ ጥያቄው ራሱ መነካቱን ይነግረዋልና። በየነጥቡ መካከል የምትቆየውንም ጊዜ ትለዋውጣለች፤ ምቱን ከለመደው በግምት ይመልሳል። ለመለኪያ የተሠራ የናይለን ክር ካለ ልኩ ይበልጥ ይጠበቃል። በ10 ግራም ግፊት የሚታጠፈውን ክር ውስጥ እግሩ ላይ ያልተሰማው ሰው፣ ጫማው ውስጥ የገባ ጠጠር እየረገጠ ሊውል ይችላል።

የጡንቻው ምርመራ ከዚህም ይረቃል፤ ሰውነት ጉድለቱን መሸፈን ያውቅበታልና። አውራ ጣት ከመዳፉ ቀጥ ብሎ እንዲነሳ ሲታዘዝ፣ ይህን እንቅስቃሴ የሚያዝዘው ሚዲያን ነርቩ የደከመ ሰውም ጣቱን ያንቀሳቅሳል። ከክንድ የሚመጣ፣ በራዲያል ነርቭ የሚሠራ ሌላ ጡንቻ ወደ ጎን ይጎትተዋል። ችኩል መርማሪ እንቅስቃሴውን አይቶ ያልፋል። እሷ ግን የአውራ ጣቱን ሥር ሥጋ ዳስሳ መጠጠሩን ታረጋግጣለች። ከዚያ በራሷ ጣት ቀስ በቀስ ትገፋዋለች፤ ለማሸነፍ ሳይሆን ኃይሉ እስከ የት እንደሚደርስ ለመስማት። ከ0 እስከ 5 በሚሄደው መለኪያ 4ን ከ5 የሚለየው ይህ ግፊት ነው፤ የሙያው ቁንጮም ለእኔ እዚህ ላይ ነው።

እግሩ ወደ ላይ አልነሳ ካለ ጡንቻው ደክሞ ነው ወይስ መገጣጠሚያው ተይዞ? ታካሚው ዘና እንዳለ ራሷ ታነሳዋለች፤ አንዴ ጉልበቱን ዘርግታ፣ አንዴ አጥፋ። በቀላሉ ከተነሳላት ድካሙ የጡንቻው ነው። ከተያዘ ደግሞ የተረከዝ ጅማቱ አጥሮ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ አብረው የሚገኙበትም ጊዜ አለ።

ውጤቱ በእጅና በእግር ሥዕል ላይ ይሰፍራል፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሌላ ባለሙያ ቢቀበለውም በእነዚያው ነጥቦች፣ በዚያው ግፊት ይመረመራል። ከ6 ወር ያልበለጠ ጉዳት ፕሬድኒሶሎን በተባለው መድኃኒት ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ባለፈው 5 የተሰጣት ትንሿ ጣት ዛሬ 4 ከሆነች፣ ባለሙያዋ ፎርሙን ይዛ ሰውየውን በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪሙ ትወስደዋለች።