«አቤት» የሚል ሽቦ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። የሄድኩት የአላርም ባትሪ ልቀይር ነበር። የቤቱ እመቤት፣ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው እናት፣ ቡናውን እያቀራረቡ ግድግዳው ላይ ያለውን ኪፓድ በአገጫቸው አሳዩኝ። «ልጄ፣ አምና መጥተው አስተካክለውልኛል። በፊት ሌሊት እየጮኸ ነፍሴን ያወጣት ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ጮኾ አያውቅም።»

«አንድም ቀን» ያሉት አላማረኝም። ተነሥቼ የጓሮውን በር ከፈትኩ። ኪፓዱ ጭጭ አለ። ዘግቼ ደግሜ ከፈትኩ። በሩ ወለል ብሎ ሳለ አረንጓዴዋ መብራት «ሁሉም ዝግ ነው» እንዳለች ቀረች።

ምድር ቤት ወርጄ የአላርሙን ፓኔል የያዘውን የብረት ሳጥን ስከፍት ጉዳዩ ግልጽ ሆነ። አራተኛው ዞን ብሎን ሥር ከበሩ የሚመጣው ሽቦ የለም። በምትኩ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ሬዚስተር ታስራለች። ሽቦው ጫፉ በቴፕ ተጠቅልሎ ሳጥኑ ጥግ ተወሽቋል። አምና የመጣው ሠራተኛ በሩን አልጠገነም፤ ፓኔሉ ስለ በሩ እንዳይጠይቅ አድርጎ ሄደ።

ሰዎች የአላርም ሥራ ጥሩ መሆኑን በምን እናውቃለን ሲሉኝ ከዚህ ጀምሬ ነው የምነግራቸው። አዲስ አበባ ሰፊ ግቢ ውስጥ ያደገ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ማታ አባወራው ከበረንዳው ዘበኛውን ይጣራል፤ ከጓሮው አጥር ጥግ «አቤት!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ዋናው ነገር ድምፁ ከዚያ ጥግ መምጣቱ ነው። ዘበኛው በረንዳው ሥር ተኝቶ «አቤት» ቢል አጥሩ መኖሩን እንኳ ማን ያውቃል?

ፓኔሉም በየዞኑ ሽቦ ላይ ጥቂት ኤሌክትሪክ እየላከ ይጣራል። ከሽቦው መጨረሻ፣ በሩ አጠገብ፣ የተገጠመችው ሬዚስተር በልኳ ትመልስለታለች። እዚያ ቤት እንደነበረው ያለ የዲኤስሲ ፓወርሲሪስ ፓኔል የሚጠብቀው 5,600 ኦም ነው፤ የሃኒዌል ቪስታ 2,000፣ ፓራዶክስ ደግሞ 1,000። በሩ ሲከፈት ወይም ሽቦው ሲቆረጥ መልሱ ይጠፋል። አይጥ ልባሱን ግጣው ሁለቱ መስመሮች ሲነካኩ ደግሞ ወደ ዜሮ ይወርዳል። በሁለቱም ፓኔሉ ይነቃል።

ስለዚህ አንደኛው መመዘኛ ሳጥኑን ማስከፈት ነው። አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ ቀለበት ያላቸው ሬዚስተሮች ብሎኖቹ ላይ እንደ ጥርስ ተደርድረው ካያችሁ ዘበኞቻችሁ ሁሉ በረንዳው ሥር ናቸው። ከሽቦው ጋር ተቀጥለው ከሆነ የበሩ መከፈት ይታወቅ ይሆናል፤ ሽቦው መንገድ ላይ ተነካክቶ ሾርት ካደረገ ግን በሩ ቢከፈትም ፓኔሉ 5,600ውን ከአጠገቡ እያገኘ «ሰላም ነው» ይላል። ጠንቃቃ ሠራተኛ ሬዚስተሯን ከበሩ ማግኔት ዘንድ ይቀብራታል። ከእሱ የበለጠ ጠንቃቃው ሁለት ይገጥማል፦ በሩ ሲዘጋ 5,600፣ ሲከፈት 11,200፣ ሽቦው ሲቆረጥ ምንም። ያኔ ፓኔሉ የተከፈተ በርን ከተቆረጠ ሽቦ ለይቶ ይናገራል።

ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ ሬዚስተር ብሎን ሥር ማስገባት በራሱ ጥፋት አይደለም። የምርመራ መጀመሪያው እሱ ነው። የሚያስቸግረውን ሽቦ ነቅለህ በቦታው ሬዚስተር ታስራለህ። ዞኑ ጸጥ ካለ ፓኔሉ ደኅና ነው፣ ሕመሙ ሽቦው ላይ ነው። ካልተረጋጋ ደግሞ ሕመሙ ፓኔሉ ወይም ፕሮግራሙ ላይ ነው። ለአንዱ ሠራተኛ የምርመራው ጅማሬ የሆነው ለሌላው ሒሳብ መቀበያ ይሆናል። ፈተናው ስላለም ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ የሐሰት ጥሪ ሲደጋገም ባለቤቱን ያስከፍላል፣ ባለቤቱም ሠራተኛውን «ዝም አሰኝልኝ» ይለዋል።

ሁለተኛው መመዘኛ የቴስተሩ ቁጥር ነው። ሽቦውን ከብሎኑ ነቅሎ ከመለካት ሌላ እውነተኛ መንገድ የለም። የወርቅ ቀለበት ያላት ሬዚስተር 5 በመቶ ልትበልጥ ወይም ልታንስ ስለምትችል ከ5,320 እስከ 5,880 ያለው ሁሉ ጤነኛ ነው። ሠላሳ ሜትር ርቆ የሚሄድ ባለ 22 ጌጅ ሽቦ ደርሶ መልስ የሚጨምረው 3 ኦም ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የዘለለ ቁጥር ከሽቦው ርዝመት ሳይሆን ከመጋጠሚያው ነው። የጓሮውን በር መስመር ስለካ 5,590 አለኝ፤ በሩን ገፋ ሳደርግ 8,000 አለፈና ጠፋ። የበሩን መቃን ልባስ ባነሣው ሁለት ሽቦ እንደ ጧፍ ተገምዶ፣ በቴፕ ታስሮ፣ በእርጥበት አረንጓዴ አብቅሎ አገኘሁት። ሌሊት ሲጮኽ የኖረው ሌባ ሳይሆን ይህ ነበር። የዛገውን ቆርጬ፣ በማያያዣ ጨምቄ፣ ሬዚስተሯን እዚያው መልሼ አስገባሁ፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለችውን አንሥቼም ሽቦውን ብሎኑ ሥር መለስኩት። ሥራው የሃያ ደቂቃ ነው።

ሦስተኛው መመዘኛ ፕሮግራሙ ነው፤ የሰነፍ ሥራ በደንብ የሚደበቀውም እዚህ ነው፤ ሳጥን ብትከፍቱ አይታይምና። በዲኤስሲ እያንዳንዱ ዞን የጠባይ ቁጥር አለው። 01 የሚያዘገይ ነው፦ ከፋብሪካ ሲወጣ ለመግቢያ 30፣ ለመውጫ 120 ሰከንድ ይሰጣል። 03 ወዲያው ይጮኻል፣ ለመስኮት ነው። 04 ለኮሪደሩ ሞሽን፣ ማለትም እንቅስቃሴ ለሚያይ መሣሪያ፣ ነው፦ አስቀድሞ የፊት በር ከተከፈተ ይታገሣል፣ በሩ ሳይከፈት ሰው ካየ ግን ወዲያው ይጮኻል። 05ም እንዲሁ ነው፤ ባለቤቱ ውስጥ ሆኖ አላርሙን ሲያጠምድ ግን ራሱን ያገልላል። ባለቤቱ ገና ከመግባቱ ሞሽኑ እየጮኸበት ሲያማርር ሰነፉ ሞሽኑን 01 ያደርግለታል። ጩኸቱ ይቀራል፤ በመስኮት ለገባ ሌባም 30 ሰከንድ ተመረቀለት። የባሰበት ደግሞ 00 ይጽፋል። ሽቦው ድንቅ፣ ልኬቱ ድንቅ፣ ፓኔሉ ግን ያ ዞን ጨርሶ እንደሌለ ይቆጥራል። ክፍል 013 ውስጥም ሬዚስተር መጠበቅን የሚያስተው ምርጫ አለ፤ እሱ ሲበራ ፓኔሉ የሽቦውን መገጣጠም ብቻ እያየ ይረካል።

ስለዚህ ሠራተኛውን ሒሳብ ከመስጠታችሁ በፊት አብሯችሁ ቤቱን እንዲዞር ጠይቁት። እናንተ እያንዳንዱን በርና መስኮት ትከፍታላችሁ፣ እሱ ኪፓዱ ላይ የወጣውን ያነብባል። «ዞን 4» ሳይሆን «የጓሮ በር» የሚል ስም ቢወጣ የባለሙያ እጅ ነው። ትራንስፎርመሩን ከሶኬት ነቅሎ በባትሪ ብቻ ያሳያችሁ፤ ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓቷ ባትሪ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው ዕድሜዋ፣ ስለዚህ የገጠመበትን ቀን ጀርባዋ ላይ ይጻፍ። የመስመሮቹን ዝርዝር ከሳጥኑ ክዳን ውስጥ የለጠፈ ሰው ከእሱ በኋላ ለሚመጣው አስቧል።

ስጨርስ እናትየዋን ወደ ጓሮው በር ጠራኋቸው። ሲከፍቱት ኪፓዱ «ቲት ቲት» አለ፤ ደንገጥ ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ደግሞ ሌሊት ሊጮኽብኝ ነው?»

«በሩ ካልተከፈተ አይጮኽም፣ እማማ። አምና ግን ቢከፈትም አይጮኽም ነበር።»

በሩን መለስ አድርገው ትንሽ ቆሙ። «ታዲያ ዓመቱን ሙሉ ማን ሲጠብቀኝ ነበር?»

እኔ የምለው ጠፋኝ። «እመብርሃን ናታ!» አሉ ራሳቸው፣ ሁለተኛውን ስኒ እያቀበሉኝ።